የፒካፑ ጭስ ምን ይላል?
ሞተር ከመፈታቱ በፊት ቀለሙን፣ ሰዓቱንና ዘይቱን ማየት ወጪ ያድናል

ሰኔ ግም ሲል የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ ሥራ ይበዛበታል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት ክትትል፣ የተምች አሰሳ፣ የእንስሳት ክትባት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደራረባሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደብል ጋቢና ፒካፕ ነው። ባለሙያው፣ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን፣ የመርጫ መሣሪያውና ኬሚካሉ በየተራ በዚያው መኪና ይጓዛሉ። መኪናው ከቆመ ሥራው ይቆማል።

ለአብነት እንዲህ ያለ ሁኔታ ቢታሰብ፦ ፒካፑ በማለዳ ክትባት ጭኖ ወደ አንድ ደጋ ቀበሌ ይወጣል። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበት ያጣል፤ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቃል። ሾፌሩ እንደምንም አዙሮ ይመለሳል። ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ኢንጀክተሮቹ አልቀዋል፤ አራቱም ይቀየሩ» የሚል ይሆናል። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ዋጋው የጽሕፈት ቤቱን የዓመት የጥገና በጀት የሚፈታተን ስለሚሆን ደብዳቤው ከግብርና ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይመላለሳል። ሳምንታት ይነጉዳሉ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት ያለበት ክትባት ግን ወረቀት አይጠብቅም፤ በሽታውም እንዲሁ።

አራቱ ኢንጀክተሮች ተቀይረውም ጭሱ ላይቆም ይችላል። ምክንያቱም ከመጀመሪያው የተበላሸው ኢንጀክተር ሳይሆን ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ቱቦው የተሰነጠቀው ደግሞ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ሊሆን ይችላል።

ጭስ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ የብልሽት ምልክት ነው። ምልክቱን በቅደም ተከተል ያነበበ ሾፌርና ኃላፊ ከርካሹ ምርመራ ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል። ያላነበበ ደግሞ ከውዱ ይጀምራል።

የናፍጣ ሞተር ለምን ያጨሳል?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይነሳም። አየር ወደ ሲሊንደሩ ስቦ ከ15 እስከ 18 እጥፍ ያህል አጥብቦ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚህ ግለት ላይ ናፍጣ ሲረጭ ያለ ሌላ እሳት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ንጹሕ ቃጠሎ እንዲኖር አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነሱም በቂ አየር፣ በልክ የተረጨና እንደ ጉም የተበተነ ናፍጣ፣ በቂ ሙቀት፣ እንዲሁም ዘይትና ውሃ ወደ ቃጠሎው ክፍል አለመግባታቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ጭስ ይታያል። የጭሱ ቀለም የትኛው እንደተጓደለ ይጠቁማል።

በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ ያሉት ዘመናዊ ፒካፖች በአብዛኛው «ኮመን ሬይል» በተባለ የነዳጅ አሠራር የሚሠሩ ናቸው። በዚህ አሠራር አንድ ፓምፕ ናፍጣውን ወደ አንድ የጋራ ቱቦ ገፍቶ በከፍተኛ ግፊት ያከማቸዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ ከፍቶ በመዝጋት መጠኑንና ጊዜውን ይወስናል። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ኖዝል በጥቂት መቶ ባር የሚከፈት ነበር። በኮመን ሬይል ግን ግፊቱ ከ1500 ባር ሊያልፍ ይችላል። ለማነጻጸር ያህል የፒካፕ ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ3 ባር አካባቢ ነው።

ይህን ግፊት ለመቋቋም የኢንጀክተሩ የውስጥ ክፍሎች እጅግ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያነሰ ነው። አሮጌ ሞተር ችሎት የሚሠራው ቆሻሻ ናፍጣ ዘመናዊውን ፒካፕ የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ሾፌሩ ጭስ ሲያይ ሦስት ጥያቄዎችን መልሶ መልሱን በጉዞ መዝገቡ ላይ ቢጽፍ ለመካኒኩ ግማሽ ሥራ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቀለሙ ምንድን ነው የሚል ነው። ጥቁር፣ ነጭ ወይስ ሰማያዊ? ቀለሙን ለመለየት ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከጎን ስትሆን፣ ከመኪናው ጎን ቆሞ ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው መቼ ይወጣል የሚል ነው። በጠዋት ሲነሳ ብቻ? ቆሞ ሲሠራ? ዳገት ሲወጣና ጭነት ሲበዛ? ወይስ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው?

ሦስተኛው ከጭሱ ጋር ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ጉልበት ቀነሰ? የራዲያተሩ ውሃ ጎደለ? የሞተር ዘይቱ ወረደ ወይስ ከፍ አለ? አዲስ ድምፅ አለ? ናፍጣ ከወትሮው በላይ በላ?

ከእነዚህ ሁሉ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ማየት ብዙ ይነግራል። ዘይቱ ከጎደለ እየተቃጠለ ወይም እየፈሰሰ ነው። ምንም ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወተት የተጨመረበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሁኔታዎች መኪናውን ማሽከርከር ተገቢ አይደለም። የቀጠነ ወይም ውሃ የገባበት ዘይት ሞተሩን አያለሰልስም፤ ትንሹ ጥገናም ወደ ሙሉ ሞተር ማውረድ ያድጋል።

ጥቁር ጭስ፦ አየር ያነሰው ናፍጣ

ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። ለገባው ናፍጣ የሚበቃ አየር አልነበረም ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ገንዘብ የተከፈለበት ነዳጅ በጭስ ማውጫው በኩል እየወጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥቁር ጭስ ሲታይ «ናፍጣ በዝቷል» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ናፍጣው ልኩን ሆኖ አየሩ አንሶም ሊሆን ይችላል። የአየሩን መንገድ መፈተሽ ከናፍጣው መንገድ ይልቅ ርካሽ ስለሆነ ምርመራው ከዚያ መጀመር አለበት።

በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይታያል። በጥሬ ጎዳና ላይ ሲመላለስ የሚውልና በአውድማ ዙሪያ የሚቆም ፒካፕ ማጣሪያው በከተማ ከሚሠራ መኪና ቀድሞ ይደፈናል። በኮምፕረሰር ሲነፋ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት መሆን አለበት። የወረቀት ማጣሪያ አይታጠብም፤ ከተቀደደም ሊጠገን አይገባም። በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ አቧራ ቱርቦውንና የፒስተን ፋሻዎቹን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል። ማጣሪያ በጊዜው አለመቀየር የሚያስከትለው ወጪ ከማጣሪያው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያሉት ቱቦዎች ይፈተሻሉ። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየርን ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። የገፋው አየር ኢንተርኩለር በተባለው ማቀዝቀዣ አልፎ ይገባል። ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱ ቢሰነጠቅ ወይም ማሰሪያው ቢላላ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ደህና ይመስላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ግን አየሩ በስንጥቁ ያመልጣል፤ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ አብረው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የፉጨት ወይም የመንፋት ድምፅም ይሰማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ቱቦዎቹን በእጅ እያጠፉ ከታችም ከጎንም ማየት፣ በቱቦው ውጭ አዲስ የዘይት ቅባት መኖሩንም መመልከት ያስፈልጋል። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ የብክለት መጠንን ለመቀነስ የተወሰነ ጭስ ወደ ሞተሩ መልሶ ያስገባል። በጥላሸት ተደፍኖ ክፍቱን ሲቀር ግን ንጹሕ አየር መግባት በሚገባው ቦታ ጭስ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት ይበቃዋል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው ወደ ቱርቦው ራሱ፣ ወደ አየር መለኪያ ሴንሰሮችና ወደ ኢንጀክተሮች መሄድ የሚገባው።

ከፍታም ግምት ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን የሚያካክስበት መንገድ ስለሌለው ደጋ ላይ ጥቁር ማጨሱ የተለመደ ነው። ባለ ቱርቦው ዘመናዊ ፒካፕ ግን አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው ለቅጽበት ጠቆር ማለቱ ሊታለፍ ይችላል፤ ዳገቱን ሁሉ እያጨሰ ከወጣ ግን «ደጋ ስለሆነ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ያለው ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቀበት የፒካፕን አየርና ቱርቦ የሚፈትን መንገድ ነው። ቆላ ላይ ደህና መስሎ የነበረ ስንጥቅ ቱቦ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ነጭ ጭስ፦ ውሃ ነው ወይስ ናፍጣ?

ብዙ ስህተት የሚሠራው በነጭ ጭስ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ነጭ ጭስ አለና።

አንደኛው በብርድ ማለዳ የሚታየው ተራ እንፋሎት ነው። ሽታ የለውም፤ ሞተሩ ሲሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። የሚያሳስብ አይደለም።

ሁለተኛው ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ዓይን ያቃጥላል። ሞተሩም እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። ጠዋት ብቻ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ግሎ ፕለጎች ናቸው። በቀላል የኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ በአንድ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ከሆነ ግን በናፍጣው ውስጥ ውሃ ወይም አየር መኖሩ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የእምቅታ ማነስ ይጠረጠራል። ከሁሉ አስቀድሞ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ አላልቶ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና መውሰድ ይገባል። ውሃ ካለ ከሥር ዘቅጦ ይታያል።

ሦስተኛው የራዲያተር ውሃ ነው። ሞተሩ ሞቆም አይጠፋም፤ ኩላንት ያለበት ከሆነ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይኖረዋል፤ ውሃውም ቀስ በቀስ ይጎድላል። የቴስታታ ጋስኬት መቃጠል ወይም የቴስታታ መሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ ፒካፕ ላይ ግን ቴስታታ ከመውረዱ በፊት መታየት ያለበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ይኸውም የኢጂአር ማቀዝቀዣው ነው። ይህ ዕቃ ውስጡ ሲበሳ ውሃ በቀጥታ ወደ ጭሱ መንገድ ስለሚያስገባ የጋስኬት መቃጠል ይመስላል። ዕቃውን ለይቶ በግፊት መፈተን ቴስታታ ከማውረድ በእጅጉ ይቀላል።

ውሃና ናፍጣን ለመለየት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ራቅ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ይረዳል። ውሃ ከሆነ ጨርቁ ይረጥባል፤ ቅባት አይኖረውም። ናፍጣ ከሆነ ይቀባል፤ ይሸታልም። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን በምንም ምክንያት አይከፈትም። ፈልቶ የሚወጣው ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

አንዳንድ አዳዲስ ፒካፖች በጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አድርሶ ጥላሸቱን ያቃጥላል። በዚያን ጊዜ ጥቂት ነጭ ጭስና የተለየ ሽታ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ካወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ተነቅሏል ማለት ነው። ለአርሶ አደሩና ለባለሙያው ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው፤ ከሥራ የመጣ ፒካፕ በደረቅ ሣር፣ በጭድ ወይም በነዶ ላይ ሊቆም አይገባም። የጋለ የጭስ ማውጫ የዓመት ልፋትን በደቂቃዎች ሊያቃጥል ይችላል።

ሰማያዊ ጭስ፦ የሚቃጠል ዘይት

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት ወደ ቃጠሎው ክፍል መግባቱን ያሳያል። እዚህ ላይ የሚለየው «መቼ» የሚለው ጥያቄ ነው።

አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው ቦግ የሚል ከሆነ የቫልቭ ጎማዎች ይጠረጠራሉ። በጭነት ጊዜ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ፋሻዎች ማለቅ ወይም የቱርቦ ዘይት ማፍሰስ ይጠረጠራል።

ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይላላል። ከውስጡ በኃይል እየተነፈሰ ጭስ ከወጣ እምቅታው በፋሻዎቹ በኩል እያመለጠ ነው። ይህ ካልሆነ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የቱርቦው ቱቦ ይፈታል። በቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ የተለመደ ነው። ዘይት ተጠራቅሞ ከተገኘ፣ የቱርቦው ዘንግም በጣት ሲነካ ወደ ጎን በጣም ከተወዛወዘና ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ ግን ቱርቦው አልቋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ዘይቱ ከልክ በላይ አለመሞላቱንና የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ አለመደፈኑን ማየት ይገባል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ጤነኛ ሞተርንም ያስጨሳል።

ቱርቦ በብዛት የሚጎዳው በአነዳድ ነው። ዳገት የወጣን ሞተር እንደደረሱ ወዲያው ማጥፋት በጋለው ቱርቦ ውስጥ ያለውን ዘይት ያቃጥለዋል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆሞ እንዲሠራ መተው ዕድሜውን ያረዝማል።

የቱርቦ ዘይት ማፍሰስ ሲከፋ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየበላ ነዳጅ ሳይሰጠው መፍጠን ይጀምራል፤ ቁልፍ ቢዘጋም ላይቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሾፌሩ በማንዋል ማርሽ መኪና ላይ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን አንቆ ማጥፋት አለበት። ካልሆነም የአየር መግቢያውን በጠንካራ ሳንቃ መድፈን ይቻላል። በእጅ ወይም በልብስ ለመድፈን መሞከር ግን አደገኛ ነው።

የቀድሞው ዘዴ አደጋ አለው

በቀድሞዎቹ ሞተሮች የታመመውን ሲሊንደር ለማግኘት መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ አንድ በአንድ ያላላ ነበር። ድምፁ ያልተለወጠበት ሲሊንደር የታመመው ነው ይባላል። ይህ ዘዴ በኮመን ሬይል ሞተር ላይ ፈጽሞ ሊሠራበት አይገባም። በዚያ ግፊት የሚወጣ የናፍጣ ጨረር ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ስለሚታይ ብዙዎች ይንቁታል፤ በውስጥ ያለው ጉዳት ግን ጣት ወይም እጅ እስከማሳጣት ይደርሳል። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ሕመሙ ቀላል ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድና የገባው ናፍጣ መሆኑን ለሐኪሙ መናገር አለበት። የሚያፈስ ቦታን በእጅ እየዳሰሱ መፈለግም ክልክል ነው፤ ካርቶን ማስጠጋት ይበቃል።

በዚህ ፋንታ መካኒኩ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ወደ ታንኩ የሚመለሰውን ናፍጣ በዝቅተኛ ግፊት መስመሩ ላይ በተለያዩ ጠርሙሶች ይቀበላል። የአንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ የታመመው ኢንጀክተር ያ ነው። በዚህ መንገድ አራት ከመቀየር አንድ መቀየር፣ ወይም አንድም አለመቀየር ይቻላል።

አዲስ ኢንጀክተር ሲገጠም በላዩ ላይ የተጻፈው የመለያ ኮድ ወደ መኪናው ኮምፒውተር መግባት እንዳለበትም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኮዱን የሚጠይቅ ሞተር ላይ ይህ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ዕቃ በአሮጌው ልክ ያዛል፤ አዲስ ዕቃ ተገጥሞም ጭሱና ማንኳኳቱ ይቀጥላል። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ማጠቢያም አሮጌዋ ተመልሳ ልትገባ አይገባም።

ኮምፒውተሩ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም

የሞተር መብራት ሲበራ መመርመሪያ መሣሪያ ተሰክቶ ኮድ ይነበባል። ለምሳሌ ፒ 0299 የሚለው ቱርቦው የሚጠበቅበትን የአየር ግፊት አለማድረሱን፣ ፒ 0087 ደግሞ የነዳጁ ግፊት ዝቅ ማለቱን ይናገራል። ሆኖም ሁለቱም የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገሩም። ፒ 0299 በተሰነጠቀ ቱቦ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል፤ ፒ 0087 ደግሞ በተደፈነ የናፍጣ ማጣሪያ። ኮድ አንብቦ በቀጥታ ዕቃ ማዘዝ የታማሚን ትኩሳት ለክቶ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

በርሜሉ ከየት ተቀዳ?

ማደያ በሌለባቸው ወረዳዎች ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይጓጓዛል። የብዙ ኢንጀክተሮች ዕድሜ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ በርሜል ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የአየር እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል። ውሃው ይዘቅጣል፤ ዝገትም ይፈጥራል። ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ ደግሞ የማለስለስ ኃይሉ ስለሚቀንስ ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥረውን ፓምፕ ይበላዋል። ከፓምፑ የሚፋቀው የብረት ብናኝም ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በርሜሉ ከዝናብ ተጠልሎና ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ። ከተጓጓዘ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሳይነካ ይርጋ። ሲቀዳ ቱቦው የበርሜሉን ሥር አይንካ፤ የመጨረሻው ዝቃጭ ወደ መኪና አይግባ። ለናፍጣ ብቻ የተለየ ንጹሕ ጀሪካንና ማጣሪያ ያለው ማንቆርቆሪያ ይኑር። በክረምት ማታ ታንኩን ሞልቶ ማሳደር በውስጡ የሚፈጠረውን ውሃ ይቀንሳል። የናፍጣ ማጣሪያው ውሃም በየጊዜው ይፍሰስ።

ለትራክተሩና ለውሃ ፓምፑም ያገለግላል

የጭሱ ቋንቋ ለአርሶ አደሩ ትራክተር፣ ለኮምባይነሩና ለመስኖ ፓምፑም አንድ ነው። ጥቁር የሚያጨስ የውሃ ፓምፕ ሞተር የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ሰማያዊ የሚያጨሰው ዘይት እየበላ ስለሆነ ዘይቱ በየቀኑ ሳይለካ ሊነሳ አይገባም። ማሳ የሚያርስ ትራክተር በድንገት ጥቁር ማጨስ ከጀመረ ማረሻው ጥልቀት በዝቶበት እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ። ጭሱ ለጤናም ጠንቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሳት፣ ፓምፕንም በጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማሠራት የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

ኃላፊው ፕሮፎርማ ከመፈረሙ በፊት

የወረዳ ኃላፊ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቅ ነው። በጉዞ መዝገቡ ላይ የጭሱ ቀለም፣ የታየበት ጊዜ፣ የተጨመረው ዘይትና ውሃ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢጨመር ብልሽቱ ከመክፋቱ በፊት ይታወቃል። የአየርና የናፍጣ ማጣሪያ ከሰኔ በፊት ተገዝቶ በንብረት ክፍል ቢቀመጥ በሥራ ወቅት ግዥ አይጠበቅም። ውድ ዕቃ እንዲቀየር ጥያቄ ሲቀርብም ከፕሮፎርማው ጋር የምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንዲያያዝ ማድረግ ይቻላል። ለኢንጀክተር የተመላሽ ናፍጣው ልኬት፣ ለቴስታታ የግፊት ፈተናው፣ ለሞተር ማውረድ የእምቅታው ልኬት ይጠየቅ። ልኬት ያልቀረበበት ዕቃ አይገዛ።

በመግቢያው የተጠቀሰው ፒካፕ በዚህ ቅደም ተከተል ቢመረመር ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ጭሱ ጥቁር ነው፤ የሚወጣው ዳገት ላይ ብቻ ነው፤ ዘይቱም ውሃውም አልጎደለም። ሦስቱ መልሶች ወደ አየሩ መንገድ ያመለክታሉ። ማጣሪያው ይታያል፤ ከዚያም ቱቦዎቹ በእጅ ይፈተሻሉ፤ ስንጥቁ ይገኛል። ቱቦው ተቀይሮ መኪናው በማግስቱ ክትባቱን ጭኖ ወደዚያው ደጋ ቀበሌ በወጣ ነበር።